ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት

የዛሬውን ጽሑፌን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ጥፋትን በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጋዜጠኛ ለመሆን እየተማርኩ የሌላውን ጥፋት ብቻ ብጽፍ ትዝብት ላይ ይጥለኛልና ይኸው።

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገና ከዶርም አልጋዬ ሳልወርድ ስልኬን ስከፍት አንድ ፎቶ መጣልኝ። ገደል ውስጥ የተገለበጠ አውቶቡስ ነው። ከሥሩ ደግሞ ዛሬ ንጋት ላይ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሲጓዝ የተገለበጠ ነው የሚል ጽሑፍ አለው። አነበብኩት፤ «እግዚኦ!» አልኩ፤ ከዚያ ወደ ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ይህ ሁሉ ሲሆን ግማሽ ደቂቃ የፈጀብኝ አይመስለኝም። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ቁርስ ልበላ ወደ ካፌ ወረድኩ።

ካፌው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጠጋ ስል ከክፍላችን ልጆች አንዷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ወንድሟ በዚያ መስመር የሚሠራ የአውቶቡስ ረዳት ነው። የዚያን ዕለት ሌሊት ከአዲስ አበባ እንደሚነሣ ማታ ነግሯታል። ትደውላለች፣ ስልኩ አይነሣም። ቆየት ብላ ስትደውል ደግሞ ጭራሽ ጥሪ አይቀበልም። እጇ ላይ ያለው ስልክ እኔ የላክሁትን ፎቶ እንደከፈተ ነው። እኔ ምን አልኩ? ምንም። አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንድሟ ራሱ ከደጀን ደወለ። በረሃውን ሲያቋርጡ ኔትወርክ አልነበረም፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እሷ እያለቀሰች ስትነግረው እሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ። ያለውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እኛ ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ዓባይ በረሃ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ እዚያ የደረስነው በሄሊኮፕተር ነው እንዴ?»

ልብ በሉ! ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ጋዜጠኝነት መማርም አያስፈልግም። ሰዓቱን እና መንገዱን አገናኝቶ ማሰብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሱን ነው እኔ ያላደረግሁት።

ከሰዓት በኋላ የዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ ነበረን። መምህራችን ወሬውን ሰምተዋል። ክፍሉ በሙሉ እኔን እኔን ያያል። ከክፍል የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፎቶውን ሁላችንም በየስልካችን እንድንከፍት አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ይታይሃል?»

«የተገለበጠ አውቶቡስ፣ ቲቸር።»

«ሌላስ?»

«ገደል። የቆሙ ሰዎች።»

«በየት ጎኑ ነው የወደቀው?»

አየሁ። «በቀኝ ጎኑ።»

«እንግዲያው ወደ ላይ የሚታየው ግራ ጎኑ ነው ማለት ነው። የተሳፋሪው በር የት አለ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰፊው የተሳፋሪ በር ወደ ላይ በሚታየው፣ በግራው ጎን ላይ ነበር። እኛ አገር መኪና የሚነዳው በቀኝ መስመር ስለሆነ የአውቶቡስ መሳፈሪያ በር በቀኝ ነው። ይህኛው እንግዲህ በግራ መስመር ከሚነዱ አገሮች የአንዱ ነው ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፎቶው ራሱ ተገልብጦ ቢሆንስ?» አለ። መምህራችን በጣም ደስ አላቸው። «እሱን እንዴት እናረጋግጣለን?» ብለው መልሰው ጠየቁት። አውቶቡሱ ጎን ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ፎቶው ቢገለበጥ ኖሮ ፊደሉም አብሮ ይገለበጥ ነበር። በመጨረሻ ፎቶውን ራሱን ኢንተርኔት ላይ ስንፈልገው ከስድስት ዓመት በፊት ሕንድ አገር ስለደረሰ አደጋ በተጻፈ ዜና ላይ ተለጥፎ አገኘነው።

ጎግል በፎቶ መፈለግን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቲንአይ የሚባለው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ በ2008 ጀምሯል። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። መሣሪያው ይህን ሁሉ ዘመን ነበረ ማለት ነው። ኪሴ ውስጥ ባለው ስልክ ላይም ነበረ። የሌለው ጥያቄው ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ነጥብ ይኸው ነው። በየስብሰባው ተማሪው በጥልቀት እንዲያስብ ቴክኖሎጂ ይግባለት፣ ኢንተርኔት ይስፋፋለት ሲባል እንሰማለን። መልካም ነው። ግን ለመሆኑ መሣሪያው ብቻውን ሰውን ያሳስባልን? እንደ እኔ እንደ እኔ አያሳስብም። በአንድ ስልክ ጠዋት ሰው አስለቀስኩበት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማርኩበት። ልዩነቱን ያመጣው «በምን አወቅህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩ ነው።

በሥነ ትምህርት ኮርስ የወሰዳችሁ የብሉምን ደረጃዎች ታውቋቸዋላችሁ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም እና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 አወጧቸው፤ በ2001 ደግሞ ሌሎች ምሁራን አሻሻሏቸው። በተሻሻለው መሠረት ከታች ወደ ላይ ስንሄድ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም እና መፍጠር ናቸው። እስኪ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ከአንደኛ ክፍል እስከ ማትሪክ የኖርነው የት ላይ ነው? ታች ላይ ነው። ሃንድአውት እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እናራግፋለን፣ ከዚያ እንረሳለን። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ መሸምደዱም ቀረና ኮፒ ፔስት ተተካ። ከመጀመሪያው ደረጃም ወረድን ማለት ነው።

ታላቅ እህቴ የምትነግረኝ አንድ ታሪክ አለ። እኔ በተወለድኩበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፋል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ተማሪ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ላቦራቶሪ ባልነበረበት ትምህርት ቤት ሙከራ በስክሪን ታየ። ግን እህቴ እንዲህ ትላለች፤ «መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ራሱ ይመልሳል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። የክፍል መምህራችን ሊያብራሩልን ሲነሡ ስክሪኑ ወደሚቀጥለው ያልፋል።» ፕላዝማው ማሳየት ይችል ነበር፤ መጠበቅ ግን አይችልም ነበር። ማሰብ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። መምህራችን በዚያው ሳምንት አሳይመንት ሰጡን። ሦስት ሦስት ሆነን ተመደብን። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፎቶ ተሰጠው። የት ነው የተነሣው? መቼ? ማን አነሣው? አራተኛው ጥያቄ ደግሞ በምን አወቃችሁ? የሚል ነው። ማርኩ ከ10 ነው፤ ለሦስቱ ጥያቄዎች በጠቅላላው 4፣ ለአራተኛው ብቻውን 6። «መልሱን ተሳስታችሁ መንገዱን በትክክል ብታሳዩኝ ማለፊያ ታገኛላችሁ፤ መልሱን አግኝታችሁ መንገዱን ካላሳያችሁኝ ግን ትወድቃላችሁ» አሉን። እንዲህ ያለ አሳይመንት በሕይወቴ ደርሶኝ አያውቅም።

የምንጽፈው በጎግል ዶክስ በጋራ ነው። የዚህ መሣሪያ ጥቅሙ ሁላችንም በአንድ ጽሑፍ ላይ መሥራታችን ብቻ አይደለም። ማን ምን እንደጻፈ፣ መቼ እንደጻፈ፣ ምን እንደሰረዘ የቀድሞ ቅጂዎቹን ከፍቶ ማየት ይቻላል። የቡድን ሥራ ሲባል አንዱ ሠርቶ ሁለቱ ስም የሚያጽፉበት የለመድነው ነገር እዚህ ላይ ተጋለጠ። እኔም ተጋልጫለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ከጎን ደግሞ የሌላው ቡድን ልጆች አስተያየት ይጽፉብናል። «ይህ ተራራ እንጦጦ ነው» ብዬ ብጽፍ አንዱ ከጎኑ «በምን አወቅህ?» ብሎ ይለጥፍብኛል። መጀመሪያ በጣም ያናድድ ነበር። እየቆየ ግን ዓረፍተ ነገሩን ገና ሳልጽፈው ጥያቄው ጆሮዬ ላይ መደወል ጀመረ።

ተራራ ካነሣሁ አይቀር፣ መምህራችን ያሳዩንን አንድ ሥራ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሜሩን ውስጥ ወታደሮች ሁለት ሴቶችን ከሁለት ሕፃናት ጋር ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። የአገሪቱ መንግሥት በመጀመሪያ የሐሰት ወሬ ነው አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ግን ቪዲዮው ላይ ከጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከጎግል ኧርዝ ምስል ጋር አነጻጽረው ቦታውን አገኙት። በቪዲዮው የሚታዩት ቤቶች መቼ እንደተሠሩና መቼ እንደፈረሱ ከሳተላይት ምስሎች አዩ። ከሰዎቹ ጥላ አቅጣጫ ተነሥተው ደግሞ ጊዜውን ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ውስጥ አስገቡት። ጎግል ኧርዝን ማንም ሰው በነፃ ይከፍተዋል። ብዙዎቻችን የምንከፍተው ግን የሰፈራችንን ጣሪያ ለማየት ነው። እነዚያ ጋዜጠኞች በዚሁ መሣሪያ «አልሆነም» የተባለውን ነገር እንደሆነ አሳዩበት። በ2020 እ.ኤ.አ. አራት ወታደሮች የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን እና 25 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችን ድረ ገጾችን እንዲገመግሙ ሰጧቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡ፤ አርማው ያማረ፣ አድራሻው የተከበረ ሲመስላቸውም ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ገጾችን ከፈቱና ስለ ድርጅቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ አዩ። ወደ ጎን አነበቡ ማለት ነው። እኛ በገጠር እንዲህ አይደል የምናደርገው? አንድ ሰው ለሽምግልና ሲመጣ ስለ ልጁ ደህንነት ልጁን አይጠይቁትም፤ ጎረቤቱን ነው የሚጠይቁት።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ስለምንጠቀምበት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልናገር። ዋሽቼ አልጠቀምም አልልም። በሚዲያ ታሪክ ኮርስ ስለ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አጭር ጽሑፍ ሥሩ ተባልን። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱን በአማርኛ ጠየቅሁት። ጋዜጣው በ1941 ዓ.ም. ተመሠረተ ብሎ አሳምሮ ጻፈልኝ። ልገለብጠው ስል «በምን አወቅህ?» የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ላይ ደወለች። ቆይ፣ ስሙ ለምን «አዲስ ዘመን» ተባለ? የጣልያን ወረራ አብቅቶ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ዘመን ያ ነው። ታዲያ ጋዜጣው ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር? ላይብረሪ ሄጄ ሳጣራ ጋዜጣው የተጀመረው በዚያው በ1933 ዓ.ም. ነው። ፕሮግራሙ የፈረንጁን 1941 ወስዶ «ዓ.ም.» የሚል ቃል ለጠፈበት። ስህተቱን ለመምህሩ አያይዤ አቀረብኩት፤ ከጽሑፉ ይልቅ እሱን ወደዱልኝ።

ይህን ስጽፍ ነገሩ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። በቤተ ክህነቱ የቅኔ ቤት ትምህርት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ መልሶ ቢያነበንብ ቅኔ ተቀኘ አይባልም። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን፣ ከዚያ በፊት ያልተባለ ቅኔ ማምጣት አለበት። መምህሩ ይሰሙታል፣ ይነቅፉታል፣ ያርሙታል። የብሉም የመጨረሻው ደረጃ መፍጠር ነው አላልንም? የቅኔ ተማሪ ገና በጠዋቱ እዚያ ላይ ነው የሚያድረው። ኮምፒውተር የለውም፤ የሚጠብቀው መምህር ግን አለው።

እርግጥ ነው ችግር አለ። በአሳይመንቱ ጊዜ ከሦስታችን አንደኛው የሚይዘው ኢንተርኔት የማይከፍት ስልክ ነበር። ፓኬጅ በየተራ እየገዛን፣ በአንድ ስልክ ሦስት ራስ ደፍተን ነው የሠራነው። መብራት ሲጠፋ የላይብረሪው ኮምፒውተርም አብሮ ይጠፋል። ያ ስልክ የሌለው ልጅ ግን ከሁላችን በላይ ያየ እሱ ነበር። የተሰጠን ፎቶ የገበያ ፎቶ ነው። እኛ ጎግል ማፕ ላይ ስንባዝን እሱ እህሉን አይቶ «ይህ ጤፍ ገና ከአውድማ የወጣ ነው፤ እንግዲያው ወሩ ከኅዳር አይቀድምም» አለ። የገበሬ ልጅ ነው። እኛ የጠፋብንን እሱ ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

ስለዚህ በዚህች መጽሔት በኩል ለመምህራኖቻችን አንዲት ጥያቄ በትሕትና ላቅርብ። አንድ ጊዜ ጎግል አድርገን የምናገኘውን ነገር አሳይመንት አትስጡን። ከሰጣችሁንም መንገዱን ጠይቁን። ስህተት ያለበት ጽሑፍ ስጡንና ስህተቱን እንፈልግ። ሁለት የሚጣሉ ዘገባዎች ስጡንና የትኛው ለምን እንደሚታመን እንከራከር። ኢንተርኔት የሌለው እንዳይጎዳ ፎቶውንና ጽሑፉን አትማችሁ ብትሰጡንም ይሆናል። ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ፣ ለራሴም ጭምር፣ የምለው አጭር ነው። ላክ የሚለውን ከመንካታችን በፊት በዚያኛው በኩል ወንድሟ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊኖር እንደሚችል እናስብ።

ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይቅር ብላኛለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ በግሩፑ ላይ እኔ አንድ ነገር በላክሁ ቁጥር ከሥሩ የምትጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በምን አወቅህ?» እየቀለደች ይሁን እየመረራት እስካሁን አልገባኝም። ብቻ እሷ ስለምትጠይቀኝ እኔም ቀድሜ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቶቻችን ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ቸር ወሬ ያሰማን!